ትሮምቦኑ ከባንዱ ፊት ሲቆም

በ1873 የበጋ ወራት፣ ከሴንት ፒተርስበርግ ወጣ ብላ በምትገኘው በፓርጎሎቮ፣ አንድ የ29 ዓመት ጎልማሳ ትሮምቦን ይዞ ይታገላል። መንፊያውን ከከንፈሩ ያገጣጥማል፤ ተንሸራታቹን ቱቦ ይገፋል፣ መልሶ ይስባል፤ የወጣውን ድምፅ ያዳምጣል። ትሮምቦኑን ሲያስቀምጥ ክላርኔት ያነሣል፣ ከክላርኔቱ ወደ ፍሉት ይሻገራል። የትኛው ድምፅ በየትኛው ጣት እንደሚገኝ የሚያሳየው ሠንጠረዥ ከአጠገቡ አይርቅም። ሰውየው ጀማሪ ተማሪ እንዳይመስላችሁ። በሴንት ፒተርስበርግ ኮንሰርቫቶሪ የድርሰትና የኦርኬስትራ አጻጻፍ ፕሮፌሰር ነው፤ የመጀመሪያ ኦፔራውም በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ለመድረክ በቅቶለታል። ስሙ ኒኮላይ ሪምስኪ ኮርሳኮቭ ይባላል።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1877፣ ይኸው ሰው ለትሮምቦንና ለወታደራዊ ባንድ ኮንቼርቶ፣ ማለትም አንድ ሶሎ ተጫዋች በባንድ ታጅቦ የሚጫወተው ሥራ፣ ጻፈ። ሥራው ከዳር እስከ ዳር አሥር ደቂቃ ገደማ ቢሆን ነው። ዛሬ ግን ትሮምቦንን ከልቡ የሚማር ሰው ይዋል ይደር እንጂ ሳያጠናው አይቀርም። ይህ ዘገባ የዚያን ኮንቼርቶ አወላለድ እየተከተለ፣ ለአንድ የነሐስ መሣሪያና ለባንድ ሶሎ መጻፍ ከደራሲው ምን እንደሚጠይቅ ይመረምራል። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የባሕር ኃይሉ ተቆጣጣሪ

ሪምስኪ ኮርሳኮቭ መተዳደሪያው ሙዚቃ ከመሆኑ በፊት መርከበኛ ነበር። በ1862 ከባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ተመርቆ፣ አልማዝ በምትባል መርከብ እስከ አሜሪካ የባሕር ጠረፍ ድረስ ተጉዟል። የድርሰትን ዕውቀት ያገኘው በአመዛኙ ራሱን በራሱ አስተምሮ ነው። በ1871 ፕሮፌሰር ሆኖ ሲሾም ከሚያስተምረው ይልቅ የማያውቀው እንደሚበልጥ፣ ተማሪዎቹን ለመቅደም ሳይሆን በእነሱ ላለመቀደም ሌሊት ከቀን ያጠና እንደነበር፣ በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ሳይሸሽግ ተናግሯል።

በ1873 የባሕር ኃይል ሚኒስቴር አዲስ የሥራ መደብ ከፈተለት፤ የባሕር ኃይል ባንዶች ተቆጣጣሪ ሆነ። የመኮንን ልብሱን አውልቆ ሲቪል ቢሆንም ከመርከበኞቹ ጋር የነበረው ግንኙነት በሌላ መልክ ቀጠለ። ሥራው በየወደቡ የተበተኑትን ባንዶች እየዞረ ማየት ነበር። ምን ይጫወታሉ? መሣሪያዎቻቸው በምን ይዞታ ላይ ናቸው? መሪዎቻቸው ሥራቸውን ምን ያህል ያውቃሉ? በባሕር ኃይሉ ወጪ ኮንሰርቫቶሪ የገቡት ተማሪዎች እንዴት ናቸው? ይህን ሁሉ የሚጠይቀው እሱ ነው። በ1874 እስከ ጥቁር ባሕር ዳርቻ፣ እስከ ኒኮላየቭ ወርዷል። ሹመቱንም እስከ 1884 ይዞ ቆይቷል።

ፕሮፌሰሩ በበጋ ወራት ትሮምቦን ያነሣው እንግዲህ ለዚህ ነው። ከኮንሰርቫቶሪው ጠረጴዛ ሆኖ ለመሣሪያ መጻፍ ይቻላል። መሣሪያውን በየቀኑ ከሚነፋ ወታደር ፊት ቆሞ ግን «ይህ ስንኝ ለምን ይከብድሃል?» ብሎ መጠየቅ፣ መልሱንም መረዳት፣ ሌላ ዕውቀት ይፈልጋል። ያንን ዕውቀት በገዛ ከንፈሩና በገዛ ክንዱ ፈለገው።

ሰባት ማረፊያዎች

የነሐስ መሣሪያ ሁሉ መሠረቱ አንድ ነው። ከንፈር ይርገበገባል፣ በቱቦው ውስጥ ያለው አየር አብሮት ይርገበገባል። የቱቦው ርዝመት እስካልተለወጠ ድረስ የሚገኙት ድምፆች የተቆጠሩ ናቸው። ከንፈር ሲጠብቅ ወደ ላይኛው፣ ሲላላ ወደ ታችኛው ይዘለላል፤ በሁለቱ መካከል ያለው አይገኝም። ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ክፍተቱ ይሰፋል። የእኛዎቹ መለከትና እምቢልታም ከዚህ ሕግ አያመልጡም። እምቢልታ የጣት ቀዳዳ ስለሌለው አንዱ ነፊ ብቻውን ዜማ አይሞላም፤ ሦስት ሆነው ድምፅ እየተቀባበሉ ነው ዜማውን የሚያቆሙት።

የአውሮፓ ትራምፔትም ለረጅም ዘመን እንዲሁ ነበር። በ1796 ዮሴፍ ሃይድን ለትራምፔት ኮንቼርቶ የጻፈው ጓደኛው አንቶን ቫይዲንገር ቱቦው ላይ ቀዳዳና ቁልፍ ያለው አዲስ ትራምፔት ይዞ ስለመጣ ነው። ሃይድን ዕድሉን ወዲያው ተጠቀመበት። በሁለተኛው ክፍል ላይ ትራምፔቱን ወደ ታችኛው ድምፅ አውርዶ፣ ድምፅ ከድምፅ ሳይዘልል፣ እንደ ሰው ጉሮሮ አዘፈነው። በቪየና በ1800 ሲሰማ፣ ከጦር ሜዳና ከአደባባይ ጥሪ ጋር ብቻ ይታወቅ የነበረው ትራምፔት ለስለስ ያለ ዜማ አዜመ። ቫልቭ ደግሞ በ1818 በፕሩሲያ የፈጠራ መብት ተሰጠው። ዛሬ በየባንዱ በምናየው ትራምፔት ላይ ሦስቱ ቫልቮች ሲጫኑ አየሩ በተጨማሪ ቱቦዎች እንዲያልፍ ይደረጋል፤ ቱቦው ይረዝማል፣ ድምፁ ይወርዳል።

ትሮምቦን ከእነሱ ሁሉ ቀድሞ ችግሩን በተንሸራታች ቱቦው ፈትቶታል። በብዛት የምናየው የቢ ፍላት ትሮምቦን የቱቦው ርዝመት 2.7 ሜትር ገደማ ነው። ተንሸራታቹ ሙሉ በሙሉ ሲገባ አንደኛ ማረፊያ ይባላል። አንድ ማረፊያ ወደ ውጭ በተገፋ ቁጥር ድምፁ በግማሽ ድምፅ ይወርዳል፤ ሰባተኛው ላይ ክንድ ተዘርግቶ ያልቃል። በቱቦው ላይ ምልክት የለም። ማረፊያውን የሚያገኘው ክንድ ነው፣ የሚያርመው ጆሮ ነው።

ይህ ለደራሲው ምን ማለት እንደሆነ በሪምስኪ ኮርሳኮቭ ኮንቼርቶ ላይ ቀረብ ብለን እንይ። የመጀመሪያው ክፍል በቢ ፍላት የተጻፈ ነው፤ ይህም የመሣሪያው የራሱ ቤት ነው። ነፊው በመካከለኛው የድምፅ ክልል ከቢ ፍላት ተነሥቶ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ እያለ ሲወጣ ክንዱ የሚመላለሰው በአንደኛና በሦስተኛ ማረፊያ መካከል ብቻ ነው፤ አንድ፣ ሦስት፣ አንድ፣ ሦስት፣ አንድ። ፈጣን ቢሆንም ይቻላል። የወታደር ጥሪ የሚመስለው፣ ደረቱን የነፋው ዜማ ለመርከበኛው እጅ ቅርብ ሆኖለታል።

ሁለተኛው፣ ዘገምተኛው ክፍል ወደ ጂ ፍላት ይሻገራል። አሁን ያው ነፊ ከጂ ፍላት ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ሲወጣ ክንዱ አምስተኛ፣ ሦስተኛ፣ አንደኛ፣ አራተኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አንደኛ ማረፊያ ላይ መድረስ አለበት። ዜማው የተረጋጋና የተያያዘ ነው፤ ክንዱ ግን አያርፍም። ምላስ በለሆሳስ ካልነካው ድምፆቹ እየተንሸራተቱ ይደባለቃሉ፤ አጥብቆ ከነካው ደግሞ ዜማው ይቆራረጣል። ፈጣኑ ክፍል ለክንድ ቀላል፣ ዘገምተኛው ለክንድ ከባድ ሆኖ መጻፉ ብዙ የሚያስተምር ነገር አለው። በዝግታው ላይ ጊዜ ስላለ፣ ነፊው አስቸጋሪውን መንገድ ተረጋግቶ መጓዝ ይችላል። እንዲህ ዓይነቱ ምርጫ ትሮምቦንን ይዞ ከሞከረ ሰው እጅ ይወጣል ብዬ አምናለሁ።

ትንፋሽና ከንፈር

ቫዮሊን ተጫዋች ሳያቋርጥ ረጅም ሰዓት ሊጫወት ይችላል። ነሐስ የሚነፋ ሰው ግን በሁለት ነገር ይወሰናል። አንዱ ትንፋሽ ነው፤ ደራሲው በኖታው ላይ ለመተንፈሻ ቦታ ካልተወለት ነፊው ዜማውን ራሱ ይቆርጠዋል፣ የሚቆርጠውም ደራሲው ባልፈለገው ቦታ ይሆናል። ሁለተኛው የከንፈር ጡንቻ ነው። ከፍ ያለ ድምፅ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ የቆየ ከንፈር ይዝላል፤ የዛለ ከንፈር ደግሞ በፈቃድ አይታዘዝም።

ስለዚህ ለነሐስ ሶሎ የሚጽፍ ሰው ዝምታንም አብሮ ይጽፋል። ባንዱ ብቻውን የሚጫወትባቸው ክፍሎች ለአድማጩ የዜማ መሸጋገሪያ ናቸው፤ ለነፊው ደግሞ ደም ወደ ከንፈሩ የሚመለስባቸው ጊዜያት ናቸው። ሪምስኪ ኮርሳኮቭ ኮንቼርቶውን አጭር ማድረጉ፣ ሦስቱን ክፍሎች መመጠኑ፣ ሰልፍ የሚመስለውን የመጨረሻ ክፍል በባንዱና በሶሎው መካከል እያቀባበለ መውሰዱ ነፊው እስከ መጨረሻው ድምፅ ድረስ አቅም እንዲኖረው አድርጓል።

ካዴንዛውም አለ። ካዴንዛ ላይ ባንዱ ያቆማል፤ መሪው እጁን ያወርዳል፤ ሶሎ ተጫዋቹ ብቻውን ይቀራል። በዚህ ኮንቼርቶ ውስጥ አንዱ ካዴንዛ በሁለተኛው ክፍል መጨረሻ፣ ሌላው በሦስተኛው ክፍል ውስጥ ይገኛል። ዕድሜውን ሁሉ ከሰልፉ እርምጃ ጋር እኩል ሲነፋ ለኖረ ወታደር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከበሮው የለም፣ እርምጃው የለም፤ የትኛውን ድምፅ ማስረዘም፣ የቱን ማፍጠን እንዳለበት የሚወስነው እሱ ነው። ሪምስኪ ኮርሳኮቭ እነዚህን ሥራዎች የጻፈበትን ምክንያት ሲያስረዳ፣ ባንዶቹ ከተለመደው የተለየ የኮንሰርት ሥራ እንዲያገኙ፣ እሱ ራሱም የማያውቀውን የሶሎና የካዴንዛ አጻጻፍ ለመለማመድ ፈልጎ እንደነበር ጽፏል። ከትሮምቦኑ ቀጥሎም ለኦቦና ለክላርኔት፣ ሁለቱንም ከወታደራዊ ባንድ ጋር፣ ጽፎላቸዋል። ድርሰቱ ትምህርት ቤት ነበር።

ባንዱ የት ይቁም?

ኦርኬስትራ ውስጥ ትሮምቦን ብቻውን ሲዘፍን ከኋላው የሚሰማው የአውታር መሣሪያ ነው። የሁለቱ የድምፅ ቀለም ስለሚለያይ ጆሮ ሶሎውን አይስተውም። ባንድ ውስጥ ግን ሶሎ ተጫዋቹና አጃቢዎቹ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ሁሉም በትንፋሽ ይጫወታሉ፣ ብዙዎቹም ነሐስ ናቸው። ከትሮምቦን ሶሎ በስተኋላ ትሮምቦኖችና ዩፎኒየሞች በዚያው የድምፅ ከፍታ ላይ ከጮኹ ሶሎው ሰምጦ ይቀራል።

መፍትሔው የሚገኘው ብዙ በመቀነስ ነው። ሶሎው ሲዘፍን ከባንዱ የሚሳተፉት ጥቂቶች ይሆናሉ፤ ክላርኔቶች ለስለስ ያለውን አጃቢነት ይይዛሉ፤ የባንዱ ትሮምቦኖች ዝም ይላሉ፣ ወይም አጫጭር ድምፅ ጣል እያደረጉ ያልፋሉ። የተሰበሰበው ጉልበት ሶሎው ሲያርፍ ይለቀቃል። የባንዱ ትልቅነት ጎልቶ የሚሰማውም ያን ጊዜ ነው።

ሌሎች ደራስያን ሌላ መንገድ ሞክረዋል። በአሜሪካ በጆን ፊሊፕ ሱዛ ባንድ ውስጥ ትሮምቦን ተጫዋች የነበረው አርተር ፕራየር፣ ሕዝብ የሚያውቀውን አንድ የስኮትላንድ ዜማ ይዞ በየዙሩ ድምፅ እየጨመረበት፣ እያፈጠነውና ከላይ ወደ ታች እያዘለለው አስደናቂ ሥራ ሠርቷል። አድማጩ ዜማውን አስቀድሞ ስለሚያውቀው ነፊው ምን ያህል እንደራቀና እንዴት እንደተመለሰ ይከታተላል። በእንግሊዝ ደግሞ ክላርኔትም ፍሉትም የሌለበት፣ ከከበሮዎቹ በቀር ሁሉም ነሐስ የሆነበት የብራስ ባንድ ባህል አለ፤ በማዕድን ቆፋሪዎችና በፋብሪካ ሠራተኞች መካከል የዳበረ ነው። ኤድዋርድ ግሬግሰን በ1976 ለቱባና ለብራስ ባንድ ኮንቼርቶ ሲጽፍ ፈተናው ከፍ ያለ ነበር። ባንዱ ራሱ ቱባዎች አሉት፤ ሶሎውም ቱባ ነው። እንዲህ ባለ ሥራ ሶሎው የሚለየው በመሣሪያው ዓይነት ሊሆን አይችልም፤ በሚጫወተው ዜማና በከፍታው፣ ዙሪያውን በሚከፈትለትም ቦታ ነው።

ክሮንሽታት፣ መጋቢት 1878

ክሮንሽታት በፊንላንድ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ በምትገኝ ደሴት ላይ የተቆረቆረች የባሕር ኃይል ከተማ ናት። በመጋቢት 1878 የባሕር ኃይል ባንዶች ተሰባስበው ኮንሰርት ሲያቀርቡ የትሮምቦኑ ኮንቼርቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ። ሶሎውን የተጫወተው ሊዮኖቭ የሚባል ሙዚቀኛ ነው። በየሰልፉ ከመስመር የማይለየው ትሮምቦን ዛሬ ከፊት ቆመ። ባንዱ ከኋላው ነው። መጀመሪያ ጥሪው፣ ቀጥሎ ዝግተኛው ዜማ፣ ከዚያ ብቻውን የሚቀርበት ካዴንዛ፣ በመጨረሻ ሰልፉ ተሰማ።

ጭብጨባው ለነፊው ነበር። ደራሲው በኋላ እንደጻፈው፣ ሶሎ ተጫዋቾቹ ተወደሱ፤ ሥራዎቹ ግን እንደ ማንኛውም ክሮንሽታት ውስጥ እንደሚቀርብ ሙዚቃ ልብ ሳይባሉ አለፉ። የዚያ ጊዜ አድማጭ ሙዚቃውን ማን ጻፈው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ሪምስኪ ኮርሳኮቭ በ1908 ሲሞት ኮንቼርቶው ገና አልታተመም ነበር። ለኅትመት የበቃው በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን በትሮምቦን ተጫዋቾች ዘንድ ቦታውን ይዞ ቀረ። ለጥቂት መርከበኞች ተብሎ፣ የእነሱ ከንፈርና ክንድ ታስቦ የተጻፈ ሥራ በየአገሩ ላሉ ነፊዎች ሆነላቸው።

የእኛ ባንዶች

ኢትዮጵያ ለነሐስ ባንድ እንግዳ አይደለችም። ከዓድዋ ድል በኋላ ባሉት ዓመታት የነሐስ መሣሪያዎች ከሩሲያ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት መጥተዋል። በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ውስጥ ያገኟቸውን ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ወደ አዲስ አበባ አምጥተው የባንድ ሙዚቀኞች አደረጓቸው፤ «አርባ ልጆች» የምንላቸው እነሱ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። ከዚያ ወዲህ የክብር ዘበኛው፣ የምድር ጦሩና የፖሊስ ሠራዊቱ ባንዶች መጡ። ዘመናዊ ሙዚቃችን ከእነዚህ ባንዶች ጉያ ወጣ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከእነዚሁ ቤቶች አንድ ትልቅ ምሳሌም አግኝተናል። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን ተጫወቱት። ሳክስፎን አካሉ ነሐስ ቢሆንም በሸምበቆ ምላስ ስለሚነፋ ከእንጨት መሣሪያዎች ጎራ ይመደባል፤ የሠሩት ሥራ ግን የምንናገርለትን ጉዳይ በቀጥታ ይነካል። የጀግናውን ፉከራ፣ ትንፋሹን፣ ድንገት የሚነሣውን ድምፅ ወደ መሣሪያው አመጡት፤ ባንዱ ከኋላ ቆሞ መሬቱን ያዘላቸው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደም ስለ እረኛና ስለ ዋሽንቱ የሚያወሳ ሥራ ለፍሉትና ለኦርኬስትራ ደርሰዋል። መንገዱ ተጠርጓል ማለት ነው።

ትሮምቦን ለቅኝቶቻችን የተለየ ነገር አለው። የትዝታን ቅኝት ከቢ ፍላት ብንነሣ ድምፆቹ ቢ ፍላት፣ ሲ፣ ዲ፣ ኤፍና ጂ ናቸው፤ በመካከለኛው የድምፅ ክልል ክንድ ሩቅ ሳይሄድ ይገኛሉ። አንቺሆዬና አምባሰል ደግሞ ጠባብ ርቀቶች አሏቸው፤ ዘፋኝ እነዚህን ሲዘፍን ድምፁን ከፒያኖው ቁልፍ ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ ያስቀምጠዋል፣ ያወዛውዘዋል። ቫልቭ ያለው መሣሪያ ይህን የሚሠራው በከንፈር ትግል ነው። ትሮምቦን ተንሸራታች ስለሆነ ነፊው ድምፁን ዘፋኙ ባስቀመጠበት ቦታ ላይ ማሳረፍ ይችላል። በአንቺሆዬ የሚጀምር፣ በካዴንዛው ላይ ነፊውን ለብቻው የሚያስቆም፣ በመጨረሻው በባንዱ ሙሉ ጉልበት የሚዘጋ ሥራ መጻፍ የሚችሉ ደራስያን አሉን። ሊጫወቱት የሚችሉ ነፊዎችም በየባንዱ አሉ።

ለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ደራሲው ወደ ባንዱ የልምምድ አዳራሽ መሄዱ ነው። ኮምፒውተር ላይ የተጻፈ የትሮምቦን ዜማ አይደክምም፣ አይተነፍስም፣ ከአምስተኛ ማረፊያ ወደ አንደኛ ሲመለስም አይዘገይም፤ ስለዚህ ደራሲውን ያታልለዋል። ነፊው አጠገብ መቀመጥ፣ የተጻፈውን ማስነፋት፣ የከበደውን ቦታ መጠየቅ፣ ከተቻለም መሣሪያውን ተቀብሎ መሞከር ይገባል። አለቆችም ድርሻ አላቸው፤ ባንድ ለሰልፍና ለአቀባበል ብቻ ሲፈለግ ነፊው ከመዝሙርና ከማርሽ በላይ ምን እንደሚችል ማንም አያውቅም፣ እሱ ራሱም አያውቅም።

በመከላከያ፣ በፖሊስና በየክልሉ ባንዶች ውስጥ በየቀኑ የሚነፉ ሙዚቀኞች አሉ። የሙዚቃ ድርሰት ለምትማሩና ለምታስተምሩ ሁሉ መልእክቴ ይህ ነው፤ ከእነሱ አንዱን ምረጡ፣ ስሙን በኖታው ራስ ላይ ጻፉ፣ አሥር ደቂቃ የሚሆን ሥራ ጻፉለት። ከባንዱም ፊት አቁሙት።